ዲሹ ሲቀየር ጎርፉ አይጠብቅም

ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። "ጋሼ ደግሞ በጥር ስለ ጎርፍ ምን አስወራው?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ሩዙ ተወቅቶ ገብቷል፣ ሽምብራና ጓያው ማሳ ላይ ነው፣ ጉማራም በእግር የሚሻገሩት ወንዝ ሆኗል። እኔ ግን ስለ ጎርፍ መወራት ያለበት በበጋ ነው ባይ ነኝ። ክረምት ከገባማ ይሮጣል እንጂ አይወራም።

ነገሬን ከቤታችን ጣሪያ ልጀምር።

በ2013 ዓ.ም. አካባቢ የአገራችን ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ ትዝ ይላችኋል? ሐሙሲት ውስጥ ዲሽ የሚያስተካክሉ ልጆች ደህና ገንዘብ የሠሩት ያኔ ነው። ናይልሳት ያለው በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ነው። ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ሳተላይት ደግሞ በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ምዕራብ ያየ የነበረ ዲሽ ሁሉ ወደ ምሥራቅ ዞረ። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ "መጣ?" ይላል፤ ከቤት ውስጥ "አልመጣም! ትንሽ መልሰው! ኧረ አለፈ!" ይባላል። አንዳንዱ ቤት በግማሽ ቀን ጨረሰ። አንዳንዱ ዲሹን አዙሮም ሪሲቨሩ አሮጌ ስለነበር አዲሱን ሥርጭት አልቀበል አለው። አዲስ እስኪገዛ ወራት ያለ ዜና ከረመ። ሳተላይቱም ሥርጭቱም ደህና ነበሩ። ክፍተቱ የተፈጠረው በእኛ ጣሪያና በእኛ ሳሎን መካከል ነው።

ይቺን ነገር ያዙልኝ። ዛሬ የማወራው ሁሉ እሷው ነች።

ቴሌቪዥን ቢጠፋ ድራማ ያመልጣል እንጂ ከብት አይሞትም። ልክ እንዲህ ያለ ለውጥ ግን አሁን በአየር ሁኔታ መረጃ ላይም እየተካሄደ ነው። ብዙ ሰው አልሰማውም። ጉዳዩ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለፎገራ ሜዳ ይብሳል።

በአጭሩ ላስረዳ፤ ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁ ነገር ነው፣ ትንሽ ብቻ ትዝ ካላችሁ ይበቃኛል። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚቀመጥ ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ሁልጊዜ አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል። አፍሪካን በዚህ መንገድ የሚያዩት ሜቲዮሳት የሚባሉት ናቸው፤ ባለቤታቸው ዩመትሳት የተባለው የአውሮፓ ድርጅት ነው። የመጀመሪያው ትውልድ በየ30 ደቂቃው በሦስት ዓይነት ጨረር ፎቶ ያነሳ ነበር። ሁለተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2002 መላክ ጀመረ፤ በየ15 ደቂቃው በ12 ዓይነት ጨረር ያያል። ሦስተኛው ትውልድ ደግሞ የመጀመሪያው ሳተላይት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 2022 ተልኮ፣ ሜቲዮሳት 12 ተብሎ በ2024 መጨረሻ መደበኛ ሥራ ጀመረ። በየ10 ደቂቃው በ16 ዓይነት ጨረር ያያል፤ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየውም ከቀድሞው በጣም ይሻላል። በዚያ ላይ ቀንና ሌሊት መብረቅ የሚቆጥር መሣሪያ ተሸክሟል። መብረቅ በየክረምቱ ሰውና ከብት ለሚቀጥፍበት ለእኛ ደጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መረጃው ታዲያ እንዴት ነው ምድር የሚደርሰው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ደስ የሚል ታሪክ አለ። የሁለተኛው ትውልድ የመጀመሪያ ሳተላይት በነሐሴ 2002 (በፈረንጆቹ ኦገስት ማለቴ ነው) ሲላክ ሐሳቡ ሳተላይቱ ራሱ በቀጥታ ለየአገሩ ጣቢያ እንዲያስተላልፍ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላው የሬዲዮ ማጉያው ተበላሸ። ሰማይ ላይ ወጥቶ የሚጠግን የለ! ምን ይደረግ? መረጃውን ምድር ላይ ተቀብለው አዘጋጅተው እንደገና በተራ የቴሌቪዥን ሳተላይት በኩል ማሰራጨት ጀመሩ። ዩመትካስት የሚባለው አገልግሎት ዋና መንገድ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ አንድ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት የሜቲዮሳትን መረጃ የሚቀበለው እኛ ቴሌቪዥን እንደምንቀበለው ነው፦ ዲሽ፣ ኤልኤንቢ፣ ሪሲቨር፣ ኮምፒውተር። አዲሱም ትውልድ በዚሁ መንገድ ነው የሚመጣው።

የአፍሪካው ዲሽ ግን ከጣሪያችን ዲሽ ተለቅ ይላል። ምክንያቱን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። ክረምት ላይ ዶፍ ሲወርድ ቴሌቪዥናችሁ "ሲግናል የለም" ይል የለ? የእኛ የቤት ዲሽ የሚቀበለውን ሞገድ ከባድ ዝናብ ያዳክመዋል። የዝናብ መረጃ የሚያመጣ ዲሽ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚጠፋ ከሆነ ምን ሊረባ! ስለዚህ ለአፍሪካ ሥርጭቱ የሚላከው ሲ ባንድ በተባለው፣ ዝናብ እምብዛም በማይበግረው ሞገድ ነው። ያ ደግሞ ሰፊ ዲሽ ይፈልጋል።

አፍሪካ እንዲህ ያለ ሽግግር ሲገጥማት የአሁኑ የመጀመሪያው አይደለም። የመጀመሪያው ትውልድ በሁለተኛው ሲተካ የአህጉሪቱ አሮጌ መቀበያዎች በአንድ ጊዜ ዋጋ ቢስ ሊሆኑ ነበር። ያኔ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ፑማ የተባለ ፕሮጀክት ተቋቁሞ ከሃምሳ በላይ ለሚሆኑ የአፍሪካ አገሮች አዲስ ጣቢያ ተተከለ። አሁንም ለሦስተኛው ትውልድ ፑማ 2025 የተባለ ጣቢያ፣ የአፍሪካ ኅብረት ባለበት ክሊምሳ በሚባል ፕሮግራም ለአህጉሪቱ እየቀረበ ነው። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው፤ እግዜር ይስጣቸው።

ታዲያ ምን ሆንኩ ነው የምለው?

ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የቱ መሥሪያ ቤት፣ የትኛው ከተማ እንደሆነ አልናገርም፤ ሰው ማሳጣት አልፈልግም። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ እዚያ ይሠራ ነበርና ሊያስጎበኘኝ ደስ ብሎት ወሰደኝ። ግቢው ውስጥ ሰፊ ዲሽ አለ። ቢሮ ስንገባ ኮምፒውተሩ አቧራ እንዳይነካው በጨርቅ ተሸፍኗል።

"ምነው ልጄ፣ አይሠራም እንዴ?" አልኩት።

"ሥርጭቱ ተቀይሮ ነው ጋሼ። አሮጌው ሪሲቨር አዲሱን አይቀበልም። አዲሱ መጥቷል፣ እዚያ ካርቶን ውስጥ ነው። የሚገጥምልን ባለሙያ እየጠበቅን ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከግንቦት።"

ወሩ ሐምሌ ነበር። ካርቶኑ አልተከፈተም። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ክፍል ውስጥ ከሁሉም ቀድሞ እጁን የሚያወጣ ልጅ ነበር። ካርቶኑን ለመክፈት ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር፤ ደብዳቤውን የሚፈርመው ሰው ሥልጠና ላይ ነበር።

በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ፣ ጉማራ ዳር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ቤት አደርኩ። የዚያን ሌሊት ነገር አይረሳኝም። በእኛ ሰማይ ላይ ኮከብ ይታይ ነበር። ጠብ ያለ ዝናብ የለም። በስተምሥራቅ ብቻ፣ ወደ ጉና በኩል፣ መብረቁ ድምፅ ሳያሰማ ይብለጨለጫል። "ጉና ላይ እየጣለው ነው" አለና ተኛን። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ከብቶቹ ሲጮሁ ነቃን። በር ስንከፍት ውኃው ደጃፍ ደርሷል። ልጆቹን ተሸክመን ከፍ ወዳለው ቦታ ወጣን። ሁለት ጥጆች ከነገመዳቸው ቀሩ። ሲነጋ ሩዙ በደለል ተቀብሯል። ሩዝ ውኃ ይችላል፤ ደለል ግን አይችልም።

የአክስቴ ልጅ ቁጭ ብሎ ማሳውን ሲያይ ቆየና "ወንድሜ፣ ውኃውን አይደለም የምፈራው፤ ሳይናገር መምጣቱን ነው" አለኝ።

አስቡት እንግዲህ። ጉማራና ርብ ሁለቱም ከጉና ነው የሚነሱት። እዚያ አመሻሽ ላይ የወረደው ዶፍ ሜዳው ላይ የሚደርሰው ሰዓታት ቆይቶ ነው። ማለትም ውኃው ይናገራል! ደመናው ጉና ላይ ሲከመር ሰማይ ላይ ያለው ዓይን አይቶታል፤ በየሩብ ሰዓቱ ፎቶ እያነሳ ልኮታል። የተላከው መልእክት ግን ካርቶን ውስጥ ካለ ሪሲቨር አላለፈም።

አሁን እውነቱን ልናገር፤ ካላልኩት እናንተው ትሉኛላችሁ። ያ ኮምፒውተር ሲሠራ ቢያድር ኖሮ የአክስቴ ልጅ ጥጆች ይድኑ ነበር ማለት አልችልም። ምክንያቱም መረጃው ቢደርስም ከዚያ ቢሮ እስከ ጉማራ ዳር የሚያመጣው ሰው አልነበረም። ለዚህ ነው በሰማዩ መሣሪያ ብቻ መደሰት የማልችለው። ሁለት ክፍተት ነው ያለን፦ አንዱ በሽግግር ጊዜ የሚፈጠር፣ ሌላው ሁልጊዜ ያለ።

ይህ የፎገራ ብቻ ችግር አይደለም። የ1998ን ክረምት አስታውሱ። እኛ ጋ ርብና ጉማራ ሜዳውን አጥለቅልቀው ፎገራ፣ ሊቦ ከምከም፣ ደምቢያ በውኃ ተያዙ፤ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ወጣ። በዚያው ክረምት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ በሌሊት መጥቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው በላ። ድሬዳዋም ነገሩ ያው ነው፦ ዝናቡ የወረደው ላይ ደጋው ላይ፣ የሞተው ታች የተኛው።

አሁን ወደ አዲሱ ሳተላይት ልመለስ። እዚህ ላይ "አዲስ ከመጣ አሮጌው ይጣል" ለሚሉ ወዳጆቼ አንድ ነገር ማሳየት እፈልጋለሁ።

ሜቲዮሳት 12 የተቀመጠው ዜሮ ዲግሪ ላይ ነው፤ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በላይ ማለት ነው። እኛ ያለነው በ37 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ነው። ስለዚህ አዲሱ ዓይን እኛን የሚያየን ከጎን፣ ከምዕራብ በኩል፣ ወደ 45 ዲግሪ አጋድሎ ነው። ከሁለተኛው ትውልድ ሜቲዮሳት 9 ግን ከ2022 ጀምሮ የህንድ ውቅያኖስን እንዲያይ ተብሎ በምሥራቅ 45 ዲግሪ ተኩል ላይ ተቀምጧል። ያ ለእኛ ከአናታችን በላይ ነው ማለት ይቻላል።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ከመንገድ ማዶ ቆማችሁ ረጅም ባሕር ዛፍ ብታዩ ጫፉ ከኋላው ካለ ቤት ጣሪያ ላይ ያረፈ ይመስላል። ደመናም እንዲሁ ነው። የክረምት ነጎድጓድ ደመና አናቱ 12 ኪሎሜትር ከፍ ቢል ከዜሮ ዲግሪ የሚያየው ሳተላይት ከእውነተኛ ቦታው ወደ 12 ኪሎሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ገፍቶ ያሳየዋል። ከ45 ዲግሪ ተኩል የሚያየው ደግሞ ስህተቱ አራት ኪሎሜትር አይሞላም። አሥራ ሁለት ኪሎሜትር ምን አላት እንዳትሉ። ከጉና በዚህ በኩል የቆመ ደመና ከጉና ማዶ የቆመ ሊመስል ይችላል። ከጉና ማዶ የሚዘንበው ውኃ ደግሞ ወደ እኛ አይመጣም። ይህን የሚያስተካክል ስሌት አለ፤ ግን የሚያውቀውና የሚጠቀመው ሰው ሲኖር ነው። ማያ ገጹን ብቻ አይቶ "የእናንተ አይደለም፣ ተኙ" ካለን አለቀልን።

እንግዲህ አዲሱ ቶሎ ቶሎ ያያል፣ አጥርቶ ያያል፣ መብረቅ ይቆጥራል፤ ግን ከጎን ነው። አሮጌው ዘግየት ይላል፣ ግን ከላያችን ነው። ደግሞም አርጅቷል፤ የተላከው በዲሴምበር 2005 ነው፣ 20 ዓመት ሞልቶታል። ሲሠራ የታቀደለት ዕድሜ ሰባት ዓመት ነበር። ስለዚህ ለኢትዮጵያ መልሱ "አዲሱ" ወይም "አሮጌው" ሳይሆን ሁለቱም ናቸው፤ አሮጌው እስካለ ድረስ። አዲሱን ጣቢያ ሲተክሉ የአሮጌውን ሥርጭት መቀበያ ነቅለው መጋዘን የሚያስገቡ ካሉ እባካችሁ አስቁሟቸው።

ጎን ለጎን ማስኬድ የሚጠቅመው ለጎርፍ ብቻ አይደለም። ከሜቲዮሳት የሚሰላ የዝናብ መዝገብ አለ፤ በእንግሊዝ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው ታምሳት ከ1983 ጀምሮ ያለውን ይዟል። የእኛው የሜትሮሎጂ ተቋምም ከዝናብ መለኪያዎቹ ጋር አዋህዶ ይጠቀምበታል፤ በዚህ ሥራ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ጡፋ ድንቁ ትልቅ ድርሻ አላቸው። "ዘንድሮ ዝናቡ ከወትሮው አነሰ" የምንለው "ወትሮ" ተመዝግቦ ስለተቀመጠ ነው። መሣሪያ ሲቀየር አሮጌውና አዲሱ አንድ ላይ ሳይለኩ ከቀሩ ግን ልዩነቱ ከሰማዩ ይምጣ ከመሣሪያው አይታወቅም። የዝናብ መለኪያ ጣሳ ሲቀየር እንኳ አሮጌውና አዲሱ ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን ይነበባሉ። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት የሚመክረውም ይህንኑ ነው።

ስለ ዝናብ መለኪያ ካነሳሁ አይቀር፦ ሳተላይት ደመናን ነው የሚያየው፣ ዝናብን አይደለም። አናቱ በጣም የቀዘቀዘ ደመና ሲያይ "ይህ ሳይዘንብ አይቀርም" ብሎ ይገምታል። በተራራማ አገር ግን አናቱ ብዙም ሳይቀዘቅዝ ደህና አድርጎ የሚዘንብ ደመና አለ፤ እሱ ያመልጠዋል። ስለዚህ እንደ ሐሙሲት፣ ወረታና ደብረ ታቦር ባሉ ቦታዎች ጠዋት በሦስት ሰዓት ጣሳውን አንብቦ የሚመዘግበው ሰው ከሳተላይቱ ያነሰ ሥራ አይሠራም። ሰማይ ላይ ያለውን ዓይን የሚያርመው እሱ ነው። ብዙ ሚሊዮን ዩሮ የወጣበት ዕቃ በአንድ ታታሪ ሰው እርሳስ ነው የሚታረመው። ይህን ሰው የምናከብረው ስንቶቻችን ነን?

አሁን ደግሞ "ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለምን? ስልክ ላይ አፕ አለ እኮ!" የሚለኝ አይጠፋም። ልጄ፣ አፕህን አልናቅኩም። እኔም አለኝ። ግን አፑ የሚሠራው ኢንተርኔት ሲኖር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ብዙ ቦታ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ለእናንተ አልነግራችሁም። በዚያ መሃል ክረምት አልቀረም፤ ጉማራም "ኔትወርክ እስኪመጣ ልጠብቅ" አላለም። የዲሽ ሥርጭት ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፦ ከሰማይ ይወርዳል፣ መስመር አይፈልግም፣ ለአንድም ለሺህም ተቀባይ እኩል ይደርሳል። መብራትና የተስተካከለ ዲሽ ካለ በቃ። ኢንተርኔት ባለ ጊዜ የሜቲዮሳትን ፎቶ ማንም ሰው በነፃ ዩመትቪው በሚባለው የዩመትሳት ገጽ ላይ ማየት ይችላል፤ ተማሪዎቼ እዩት፣ ለልጆቻችሁም አሳዩ። የሰው ነፍስ የሚጠብቅ ሥራ ግን በአንድ ገመድ ላይ አይንጠለጠልም።

ሌላው "ገበሬው በልምዱ ያውቃል" የሚለው ነው። ያውቃል፤ እኔ ካስተማርኩት የተማርኩት ይበልጣል። የሐይቁን ነፋስ፣ የደመናውን ቀለም፣ የውኃውን ድፍርስነት አይቶ ይናገራል። ግን የአክስቴ ልጅም ያውቅ ነበር፤ "ጉና ላይ እየጣለው ነው" ብሎኝ ነው የተኛው። ያላወቀው ምን ያህል እንደጣለው ነው። ልምድ ምልክቱን ያሳያል፤ መጠኑንና ሰዓቱን ለማወቅ መለኪያ ያስፈልጋል። ሁለቱን ማጣላት አያስፈልግም።

ነገሬን ወደ መቋጫው ላምጣ። ለሚመለከታቸው ሁሉ፣ እዚያው ውስጥ ላላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼም ጭምር፣ የምለው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ምንም ነገር አትቀይሩ። አዲስ ጣቢያ መትከልም፣ አሮጌ መንቀልም፣ ባለሙያን ለሥልጠና መላክም ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይሁን። ክረምት የፈተና ጊዜ ነው፤ በፈተና ሰዓት እስክሪብቶ አይቀየርም።

ሁለተኛ፣ አሮጌው ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ከአዲሱ ጎን ይሥራ። አዲሱ በዶፍ ዝናብም፣ መብራት በጠፋ ሌሊትም መሥራቱ እስኪታይ ድረስ አሮጌው አይጥፋ።

ሦስተኛ፣ ካርቶኑን የመክፈት ሥልጣን ያለው ሰው እዚያው ይኑር። ለእያንዳንዱ ጣቢያ ቢያንስ ሁለት የሠለጠነ ሰው፣ መለዋወጫ ኤልኤንቢ፣ ለጄኔሬተር ነዳጅ የሚሆን ገንዘብ። ተናግሬ የማልጠግበው ይህን ነው። ዕቃ በዕርዳታ ይመጣል፤ ነዳጅና ደመወዝ ግን የእኛ ነው።

አራተኛ፣ መረጃው አዲስ አበባ ደርሶ አይቁም። ባሕር ዳር ጣናን ተንተርሳ ተቀምጣለች፤ ሌሊት ሌሊት ማያ ገጹን የሚያይ ተረኛ እዚያ ይኑር። ተረኛው የጉናን ሰማይ ሲያጠራጥረው ለወረዳ፣ ወረዳው ለቀበሌ፣ ቀበሌው ለልማት ጣቢያ ሠራተኛውና ለየጎጡ ሰው ይደውል። ናበጋ፣ ዋገጠራ፣ ሺና፣ ጅግና ላይ ያለ ሰው የሚፈልገው ባለቀለም ካርታ አይደለም። የሚፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ጉና ላይ ከባድ ዝናብ ሳይጥል አልቀረም፣ ከወንዝ ዳር ከብቱን አውጡ፣ ልጆቹን ከፍ ወዳለ ቦታ ውሰዱ።" ስልክ ከጠፋ የቤተ ክርስቲያን ደወል አለ፣ የመስጊድ ድምፅ ማጉያ አለ። ድሮም አደጋ የምንጠራራው በዚሁ ነበር። ዕቅዱን አሁን በበጋ ቁጭ ብሎ መነጋገር ብቻ ነው የሚፈልገው።

አምስተኛ፣ ማስጠንቀቂያው ቢሳሳት አትቀየሙ፣ እናንተም ተቀባዮቹ። አሥር ጊዜ ተነግሮ ሦስቱ ባይመጣ ሰባቱን ድነናል። ከብት አውጥቶ መመለስ ድካም ነው፤ ሳያወጡ ማደር ግን ጥጆቹን ያስበላል።

አውቃለሁ፣ በዚህ ጊዜ ሰው ሌላ ብዙ ጭንቀት አለበት። "አገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች ስለ ዲሽ ታወራለህ?" የሚለኝ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ ደግሞ የምለው፣ ሰው በሰው ላይ የሚያመጣውን ማስቆም ባልችል እንኳ ውኃ ሌሊት የሚያመጣውን አስቀድሞ መናገር የሚቻል ነገር ነው። የሚቻለውን አለማድረግ ነው የሚቆጨኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ አባቶቻችን።

ያ የካርቶኑ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። አሁን ሌላ ቦታ ነው፤ አዲሱን ጣቢያ ሲተክሉ እሱም አለበት። "ጋሼ፣ ያን ጊዜ የጠየቁኝ ጥያቄ እስካሁን ያሳፍረኛል" አለኝ። "ከመቼ ጀምሮ" ያልኩትን ማለቱ ነው። "አንተ አይደለህም ማፈር ያለብህ" አልኩት። ከዚያ አንድ ነገር ቃል አስገባሁት፦ አዲሱ ሲሠራ አሮጌውን ማንም እንዳያጠፋው፣ ቢያንስ ይህ ክረምት እስኪያልፍ። "እሺ ጋሼ" ብሎኛል። ቃሉን የሚጠብቅ ልጅ ነው፤ አለቆቹ ካልከለከሉት።

ክረምት አምስት ወር ቀርቶታል። ጉና እዚያው ነው፣ ጉማራም መንገዱን አይረሳም። የአክስቴ ልጅ ዘንድሮም ሁለት ጥጆች አሉት።

እናንተ የምታውቁት ካለ፣ በተለይ ሜትሮሎጂና ቴሌኮም ያላችሁ፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፤ የቀረ ካለ ጨምሩበት። ወረዳ ላይ የምትሠሩም በዝምታ አትለፉኝ።

ቸር ያሰማን። መልካም ሰንበት።